የብስክሌት ሄልሜት ሲመርጡ አነዳድዎን ያስቀድሙ

ጥያቄ፦ ወደ ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። በቅርቡ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ በአስፋልት ላይ ረጅም ጉዞ ከሚያደርጉ ፈጣን ብስክሌተኞች ጋር መንዳት ጀምሬያለሁ፤ አንዲት ጓደኛዬም የተራራ ብስክሌት እንድሞክር እየወተወተችኝ ነው። የ10 ዓመቱ ልጄ በቢኤምኤክስ ብስክሌት መዝለል ይወዳል። የ2 ዓመቷን ልጄን ከኋላዬ በተገጠመው የሕፃናት መቀመጫ እይዛታለሁ፤ ባለቤቴም ፈጣን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሊገዛ አስቧል። ሄልሜት ልገዛ ሱቅ ስገባ ግን ግራ ተጋባሁ። የአንዱ ዋጋ ከሌላው አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ ሻጩም ውዱ ሁሉ የተሻለ ነው አለኝ። ወንድሜ ደግሞ «ገንዘብሽን አታባክኚ» ብሎ ለብዙ ዓመታት ያስቀመጠውን የራሱን ሄልሜት ሰጠኝ፤ ስንጥቅ አይታይበትም። ለሁሉም የሚሆን አንድ ሄልሜት አለ? ወይስ ለእያንዳንዱ አነዳድ የተለየ መግዛት ይኖርብኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ብዙ ዓይነት አነዳድ ስለሰበሰቡ መልሴም ከወትሮው ረዘም ይላል። ዋናውን ግን አስቀድሜ ልንገርዎ። ለእርስዎ ለራስዎ ሁለት ሄልሜት ይበቃዎታል፤ አንዱ ለሥራ መመላለሻና ለአስፋልት ጉዞ፣ ሌላው ለተራራው። ሁለት መግዛት ካልተቻለ የተራራውን ይግዙና በአስፋልትም ላይ ያድርጉት፤ የአስፋልቱን ግን ወደ ተራራ ይዘውት አይውጡ። ለልጆቹና ለባለቤትዎ የሚያስፈልገው ከእርስዎ የተለየ ነው። የወንድምዎን ስጦታ በተመለከተ፣ ስለ አሳቢነቱ አመስግነው ሄልሜቱን ባይጠቀሙበት እመክራለሁ።

ሄልሜት የሚመረጠው በብስክሌቱ ዓይነት ወይም በዋጋው ሳይሆን ነጂው ሊወድቅ በሚችልበት ሁኔታ ነው። በአስፋልት ላይ በጎን ተንሸራቶ የሚወድቅ፣ ከቁልቁለት ድንጋያማ መንገድ ላይ በመሪው በኩል ተፈንጥሮ የሚወድቅ፣ ከመዝለያ ላይ በቀን ብዙ ጊዜ ከዝቅተኛ ከፍታ የሚወድቅ፣ እና በመቀመጫ ውስጥ እንደታሰረ ከብስክሌቱ ጋር የሚወድቅ ሕፃን ጭንቅላታቸው የሚመታበት ቦታም ሆነ የምቱ ብርታት አንድ አይደለም። ሻጩ ከዋጋው በፊት ሊጠይቅዎ የሚገባው የት፣ በምን ፍጥነትና ከማን ጋር እንደሚነዱ ነበር።

ይህን ለመረዳት ሄልሜት በውስጡ የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ ሰው ጠንካራ መስሎ የሚታየውን የውጭ ቅርፊት አይቶ ይመርጣል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ከቅርፊቱ ሥር ያለው ፎም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኢፒኤስ ተብሎ የሚጠራው ይህ ፎም፣ አዲስ ቴሌቪዥን በካርቶን ውስጥ ደግፎ ከሚይዘው ነጭና ቀላል ነገር ጋር አንድ ዘር ነው። ጭንቅላት መሬት ሲመታ የሚጎዳው በድንገት ስለሚቆም ነው፤ ፎሙም በምቱ ጊዜ እየተጨፈለቀ ጭንቅላቱ የሚቆምበትን ርቀት ያረዝመዋል። በተመሳሳይ ፍጥነት የመጣ ጭንቅላት በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከሚቆም በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ የሚያርፍበት አማካይ ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። የሄልሜት ጥቅም በአብዛኛው በዚህች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ውስጥ ያለ ነው። በዚህም ምክንያት ኢፒኤስ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ወደዚህ ነጥብ ስለ ልጅዎና ስለ ወንድምዎ ሄልሜት ሳነሣ እመለስበታለሁ።

የሄልሜት ደኅንነት ደረጃዎች ፈተናም በዚሁ ሐሳብ ላይ የተሠራ ነው። በአሜሪካ ሲፒኤስሲ የተባለው የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ያወጣው ደረጃ፣ ሰው ሠራሽ ጭንቅላት የለበሰው ሄልሜት ከ2 ሜትር ከፍታ በጠፍጣፋ ብረት ላይ እንዲወድቅ ያደርጋል፤ በዚያ ጊዜ ፍጥነቱ በሴኮንድ 6.2 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። በጭንቅላቱ ላይ የሚመዘገበው የፍጥነት ለውጥ ከምድር ስበት 300 እጥፍ ከበለጠ ሄልሜቱ ፈተናውን አላለፈም ማለት ነው። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 1078 በጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚጠቀመው ፍጥነት ዝቅ ያለ፣ በሴኮንድ 5.42 ሜትር ሲሆን፣ የሚፈቅደው መጠንም ዝቅ ብሎ 250 እጥፍ ነው። ሁለቱም ከጠፍጣፋው ሌላ የእግረኛ መንገድ ጠርዝን በሚመስል ብረት ላይ ይፈትናሉ፤ ማሰሪያው እንዳይበጠስና ሄልሜቱ ከጭንቅላት ላይ እንዳይገለበጥም ይመረምራሉ።

«እኔ ከቡድኔ ጋር በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር እየነዳሁ በ22 የተፈተነ ሄልሜት ምን ይጠቅመኛል?» ብለው ቢጠይቁ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከብስክሌት ሲወድቁ ጭንቅላትዎ መሬቱን የሚመታበት ብርታት በአብዛኛው የሚወሰነው ከምን ያህል ከፍታ እንደወደቁ ነው፤ ወደ ፊት የነበረዎት ፍጥነት አብዛኛው መሬት ላይ በመንሸራተት ያልቃል። ስለዚህ ፈተናው ከተለመደው አወዳደቅ ጋር ይቀራረባል። ከግድግዳ፣ ከዛፍ ወይም ከሚመጣ መኪና ጋር ፊት ለፊት መጋጨት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የትኛውም የብስክሌት ሄልሜት ለዚያ ብርታት ተብሎ አልተፈተነም። ይህን የምነግርዎ ሄልሜቱን እንዲያቃልሉት አይደለም። ሄልሜት ያደረገ ሰው መንገድ ላይ የሚያሳየው ጥንቃቄ ሄልሜት ካላደረገው ሰው ሊያንስ አይገባም።

እንግዲህ ሱቅ ሲገቡ የመጀመሪያው ሥራዎ ሄልሜቱን ገልብጦ ውስጡን ማየት ነው። በውስጠኛው ፎም ወይም በማሰሪያው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የየትኛውን ደረጃ ፈተና እንዳለፈ ይናገራል። የሲፒኤስሲ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1999 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ በሚመረት የብስክሌት ሄልሜት ሁሉ ላይ ግዴታ ነው። ኢኤን 1078 የአውሮፓ ነው፤ የአውስትራሊያና የኒው ዚላንዱ ደግሞ 2063 የሚል ቁጥር ይዟል። ከእነዚህ አንዱ የሌለበትን ሄልሜት መልኩ ምንም ያህል ቢያምር አይግዙት። አምራቹ ማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ የውስጥ ወረቀቱ የተላጠ ወይም ፊደሉ የተዛባ ሄልሜትም እንደዚሁ ነው። ጥርጣሬዎን ለማጥራት ሻጩን የአምራቹን ስም፣ የሞዴሉን ስምና የተመረተበትን ጊዜ ይጠይቁት፤ ሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ተጽፈው ይገኛሉ።

ስለ ዋጋው ሻጩ የነገረዎ ትክክል አይደለም። አንድ ደረጃ ያለፉ ርካሽና ውድ ሄልሜቶች ዝቅተኛውን የደኅንነት መስፈርት እኩል አልፈዋል። ከዚያ በላይ የሚከፍሉት ገንዘብ በአብዛኛው የሚሄደው ለክብደት መቀነስ፣ ለአየር ማስገቢያው ብዛት፣ ለማጥበቂያው ጥራትና ለምቾት ነው። እነዚህ ከንቱ ነገሮች ናቸው አልልም፤ የማይመች ሄልሜት መንገድ ላይ ወልቆ መሪ ላይ ይንጠለጠላል። ነገር ግን ምቾትና ደኅንነት ሁልጊዜ አብረው በዋጋ አይወጡም። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የብስክሌት ሄልሜቶችን እየፈተነ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ እየሰጠ ለማንም ክፍት በሆነ ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩ ውስጥ በዋጋ መካከለኛ የሆኑ ሄልሜቶች ከውዶቹ ጎን ወይም ከላያቸው ተቀምጠው ይገኛሉ። ከመግዛትዎ በፊት የመረጡትን ሞዴል ስም እዚያ ላይ ቢፈልጉ ከማንኛውም ሻጭ ምክር የተሻለ ያገኛሉ።

አሁን ወደ እርስዎ የአስፋልት ጉዞ ልምጣ። ከቡድን ጋር በፍጥነት ሲነዱ የሚያሠጋው የፊተኛው ሰው ኋላ ጎማ ከእርስዎ የፊት ጎማ ጋር መነካካቱ ነው፤ በዚያ ጊዜ ሰው ለመዘጋጀት ዕድል ሳያገኝ በጎኑ ይወድቃል። ከዚህ በተጨማሪ ጎንበስ ብለው አንገትዎን ቀና አድርገው ለሰዓታት ስለሚቆዩ ክብደት ይታወቅዎታል። ስለዚህ ለአስፋልት የሚሠሩት ሄልሜቶች ከ250 እስከ 300 ግራም አካባቢ የሚመዝኑ፣ ብዙ የአየር ማስገቢያ ያላቸውና የግንባር ከለላ የሌላቸው ናቸው። ከለላው የሚቀረው ጎንበስ ሲሉ የፊት ለፊት እይታዎን ስለሚሸፍን ነው። የቀዳዳዎቹ ብዛት ብቻውን ግን አያታልልዎ። ቀዳዳው በበዛና በሰፋ ቁጥር የሚቀረው ፎም ስለሚያንስ አምራቹ የበለጠ የጠጠረ ፎም እንዲጠቀም ይገደዳል፤ ይህም ለመካከለኛ ምት ጥሩ አይደለም። ሙቀት የማያስቸግርዎ ከሆነ በመጠኑ ቀዳዳ ያለውን ይምረጡ። ነፋስን ለመቁረጥ ተብለው የተሠሩት ለስላሳ ሄልሜቶች ለተወዳዳሪ እንጂ ለእርስዎ አያስፈልጉም፤ ከኋላ ጅራት ያላቸው የሰዓት ውድድር ሄልሜቶች ደግሞ ከቡድን ጋር በሚነዳ ሰው ራስ ላይ ቦታ የላቸውም።

ከፈጣኖቹ መካከል «እኛ ልምድ ስላለን ሄልሜት አያስፈልገንም» የሚል ሰው ቢገጥምዎ፣ የዚህን ስፖርት ታሪክ እንዲያስታውስ ይንገሩት። ጣሊያናዊው የኦሎምፒክ ባለ ወርቅ ፋቢዮ ካሳርቴሊ እ.ኤ.አ. በ1995 በቱር ደ ፍራንስ በተራራ ቁልቁለት ላይ ወድቆ ሕይወቱ ሲያልፍ ሄልሜት አላደረገም ነበር። ካዛኪስታናዊው አንድሬ ኪቪሌቭም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 በፓሪስ-ኒስ ውድድር ላይ ወድቆ በማግስቱ ሞተ፤ እርሱም ሄልሜት አላደረገም። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ሄልሜትን በውድድር ላይ ግዴታ ያደረገው ከዚህ ከሁለተኛው ሞት በኋላ በዚያው ዓመት ነው። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1991 ሊያስገድድ ሞክሮ ብስክሌተኞቹ ራሳቸው ተቃውመው አስቀርተውት ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች በዓለም ላይ ካሉ ምርጥ ነጂዎች መካከል ነበሩ።

ለሥራ መመላለሻ ይኸው የአስፋልት ሄልሜት ይበቃዎታል። ለከተማ ተብለው የሚሸጡት ክብ ቅርጽ ያላቸው ሄልሜቶች ቅርፊታቸው ጠንከር ያለና ቀዳዳቸው ጥቂት ስለሆነ በየቀኑ እየተወረወሩ ለሚቀመጡበት ሕይወት ይስማማሉ፤ ነገር ግን በረጅሙ የቅዳሜ ጉዞ ላይ ይሞቅብዎታል። የከተማው ዋና ጉዳይ መታየት ነው። ነጭ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ይምረጡ፤ ጥቁር ሄልሜት በምሽት መንገድ ላይ የለም ማለት ይቀላል። ከኋላው መብራት የተገጠመለት ካገኙ መልካም ነው፤ ሆኖም ጭንቅላትዎን ባዞሩ ቁጥር መብራቱም አብሮ ስለሚዞር የብስክሌቱን የኋላ መብራት አይተካም።

ወደ ተራራው ሲወጡ አወዳደቁ ይለወጣል። የፊት ጎማ በድንጋይ ወይም በሥር ተይዞ ነጂው በመሪው ላይ ወደ ፊት ይፈነጠራል፤ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ሚዛን አጥቶ ወደ ኋላ ይወድቃል። መሬቱም ጠፍጣፋ አይደለም፤ ጭንቅላትዎ የድንጋይ ጫፍ ሊያገኘው ይችላል። በዚህ ምክንያት የተራራ ሄልሜት ከኋላ ወደ ማጅራት ዝቅ ብሎ ይወርዳል፤ በጆሮ ግንድ በኩልም ሰፋ ያለ ቦታ ይሸፍናል። የግንባር ከለላው ከፀሐይ ብቻ ሳይሆን ፊትን ከሚገርፉ ቅርንጫፎች ይከላከላል፤ ወደ ፊት ሲወድቁ አንገትዎን እንዳይጠመዝዘው በቀላሉ የሚታጠፍ ወይም የሚነቀል መሆኑን በእጅዎ ፈትነው ያረጋግጡ። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ከለላው ወደ ላይ ሲነሣ መነጽሩን የሚያስቀምጡበት ቦታ መኖሩንም ይዩ።

የአስፋልቱን ሄልሜት ወደ ተራራ እንዳይወስዱት የከለከልኩዎ ከኋላና ከጎን የሚቀረው ክፍል በተራራ ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚመታ ነው። የተራራውን በአስፋልት ላይ ማድረግ ግን የሚያስከፍልዎ ትንሽ ክብደትና ትንሽ ሙቀት ብቻ ነው፤ ከለላውም እይታዎን እንዳይጋርድ ሊነቀል ይችላል። ለዚህ ነው አንድ ብቻ መግዛት የግድ ከሆነ የተራራውን ያስቀደምኩት።

ጓደኛዎ በምን ዓይነት መንገድ እንደምትወስድዎ ግን አስቀድመው ይጠይቋት። እየወጡና እየወረዱ የሚሄዱበት ተራ የጫካ መንገድ ከሆነ ከላይ የገለጽኩት ክፍት ሄልሜት ይበቃል። ብስክሌቱን ወደ ጫፍ አውጥቶ በከፍተኛ ፍጥነት ቁልቁል መውረድና መዝለል የሚባለው ከሆነ ግን አገጭንና ፊትን የሚሸፍነው ሄልሜት ያስፈልጋል። ለዚህ አነዳድ ራሱን የቻለ ኤኤስቲኤም ኤፍ1952 የተባለ ደረጃ አለ፤ ከተራው የበለጠ ምት ከመጠየቁም በላይ የአገጩን መከላከያ ጥንካሬም ይፈትናል። አገጩ የሚነቀልና የሚገጠም ሄልሜት የሚሸጡ ሰዎች ብዙ ስለሆኑ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ከእነዚህ መካከል አገጩ ይህን ፈተና ያለፈ አለ፤ ፊትን ከጭረት ብቻ የሚያድንም አለ። ልዩነቱን የሚነግርዎ የውስጡ ወረቀት ነው። ለጀማሪ ግን ከሄልሜቱ ይልቅ መንገዱን ቀላል ማድረጉ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ የመጀመሪያዋ ጉዞዎ ቁልቁል መውረጃ ላይ እንዳትሆን ጓደኛዎን ይለምኗት።

የልጅዎ ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ይመስለኛል። የ10 ዓመት ልጅ በቢኤምኤክስ ሲዘል በአንድ ከሰዓት ብቻ ደጋግሞ ይወድቃል። ተራ የኢፒኤስ ሄልሜት ግን ከላይ እንዳልኩት አንድ ትልቅ ምት ተቀብሎ ሥራውን ይጨርሳል። ለመዝለያ ሜዳ የሚሠሩት ሄልሜቶች ክብና ጠንካራ ቅርፊት ያላቸው፣ ወደ ኋላም ዝቅ ብለው የሚሸፍኑ ናቸው፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከምት በኋላ ወደ ቅርጻቸው የሚመለስ ኢፒፒ የተባለ ፎም ወይም ሁለት ዓይነት ጥግግት ያለው ፎም አላቸው። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የሚሳሳትበት ነገር አለ። በቅርጽ አንድ የሚመስሉ፣ በውስጣቸው ግን ለስላሳ ስፖንጅ ብቻ ያለባቸው የስኬትቦርድ ሄልሜቶች ይሸጣሉ። ለጣት ሲነኩ ደስ ይላሉ፤ ትልቅ ምት ሲመጣ ግን ስፖንጁ እስከ ታች ተጨፍልቆ ጭንቅላቱ ከቅርፊቱ ጋር ይገናኛል። ኤኤስቲኤም ኤፍ1492 የስኬትቦርድ ደረጃ ነው፤ ተደጋጋሚ ትንንሽ ምቶችን ይመለከታል። ለልጅዎ የሚገዙት ሄልሜት ይህንና የብስክሌቱን ደረጃ ሁለቱንም የያዘ ይሁን። ልጁ ሄልሜቱን መልበስ እንዲወድ ቀለሙን ራሱ እንዲመርጥ ይፍቀዱለት፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የማይወደውን ነገር ከእናቱ ዓይን እንደራቀ ያወልቀዋል።

ለሕፃንዋ ልጅዎ ሁለት ነገር ላንሣ። ሄልሜቷ ከኋላ ጎበጥ ያለ ከሆነ የመቀመጫው መደገፊያ ሄልሜቱን ገፍቶ አንገቷን ወደ ፊት ያጎብጠዋል፤ ስለዚህ ከኋላ ጠፍጣፋ የሆነውን ይፈልጉና ከመግዛትዎ በፊት በመቀመጫው ላይ አስቀምጠው ይሞክሩት። ሁለተኛው ደግሞ ማሰሪያው ነው። ሕፃናት ሄልሜት እንዳደረጉ ከመጫወቻ መሰላል ወይም ከዛፍ ላይ ሲወጡ ሄልሜቱ ተሰክቶ በማሰሪያው ታንቀው የሞቱ አሉ። በዚህ ምክንያት አውሮፓ ለትንንሽ ልጆች ኢኤን 1080 የተባለ ደረጃ አውጥታለች፤ ዘለበቱ አረንጓዴ ሲሆን ክብደት ሲያርፍበት በራሱ ይፈታል። የልጅዎ ሄልሜት ይህ ይኑረውም አይኑረው ከብስክሌቱ እንደወረደች ያውልቁላት።

ባለቤትዎ የሚገዛው ብስክሌት በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሞተሩ እርዳታውን የሚያቆም ከሆነ ተራው የአስፋልት ወይም የከተማ ሄልሜት ይበቃዋል። በሰዓት እስከ 45 ኪሎ ሜትር የሚያግዘው ፈጣኑ ከሆነ ግን በኔዘርላንድስ የተዘጋጀው ኤንቲኤ 8776 የተባለ ደረጃ ያለበትን ይፈልግ፤ ከተራው ሄልሜት የበለጠ የጆሮ ግንድንና ማጅራትን ይሸፍናል፤ በበለጠ ብርታትም ይፈተናል።

በየሱቁ ቢጫ የውስጥ ሽፋን ያላቸውና ሚፕስ የሚል ስም የተጻፈባቸውን ሄልሜቶች ሳያዩ አልቀሩም። ይህ በስዊድን የተፈጠረ ዘዴ ነው። አብዛኛው አወዳደቅ ቀጥ ብሎ ሳይሆን አግድም ስለሆነ፣ ጭንቅላት መሬት ሲነካ ተጠማዝዞ መዞር ይፈልጋል፤ አንጎልን የሚያናጋውም ይህ መዞር ነው። ሽፋኑ ሄልሜቱ በጭንቅላት ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር እንዲንሸራተት በማድረግ የመዞሩን ኃይል ይቀንሳል። ሌሎች አምራቾችም ለዚሁ ዓላማ የየራሳቸውን ዘዴ አውጥተዋል። እኔ በሁለት ልክዎ የሆኑ ሄልሜቶች መካከል ብመርጥ ይህ ያለበትን እመርጣለሁ። ልክዎ ያልሆነውን ግን ሚፕስ ስላለው ብቻ አይውሰዱት።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ከሁሉ የሚበልጠው ልኩ ነው። የዓለም ምርጡ ሄልሜት ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግንባርዎን ካጋለጠ አይጠቅምዎትም። በልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብዎ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው በጭንቅላትዎ ዙሪያ ይለኩ፤ ቁጥሩን በሄልሜቱ ካርቶን ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ቁጥሩ መነሻ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ የአንዱ ሰው ጭንቅላት ረዘም ያለ፣ የሌላው ክብ ስለሆነ እኩል ቁጥር ያላቸው ሁለት ሄልሜቶች በአንድ ሰው ላይ አንድ ዓይነት አይቀመጡም። ግንባርዎና ማጅራትዎ ላይ ተጭኖ ጎኑ ክፍት ከቀረ ሄልሜቱ ለክብ ጭንቅላት የተሠራ ነው ማለት ነው፤ በሌላ ኩባንያ ቅርጽ ይሞክሩ፣ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም።

በራስዎ ላይ ሲያደርጉት ሄልሜቱ አግድም ቀጥ ብሎ፣ ከቅንድብዎ በላይ ሁለት ጣት ያህል ቦታ ትቶ መቀመጥ አለበት። ብዙ ሰው ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ፊት ያሳምራል፣ ግንባርን ግን ባዶ ይተወዋል። ማሰሪያውን ከማሰርዎ በፊት ከኋላ ያለውን ዘዋሪ ማጥበቂያ አጥብቀው ጭንቅላትዎን ዝቅ አድርገው ያንቀጥቅጡት፤ ሄልሜቱ ከወደቀ ልክዎ አይደለም። ከዚያ ማሰሪያዎቹ ከጆሮዎ በታች በሁለት በኩል ተጋጥመው ጆሮዎን መሃል እንዲያስቀምጡ ያስተካክሏቸው፤ ከአገጭ በታች ከአንድ ወይም ከሁለት ጣት በላይ እንዳይገባ ያጥብቁ። አፍዎን በሰፊው ሲከፍቱ ሄልሜቱ ወደ ታች ሲጎተት ከተሰማዎት ማሰሪያው በልኩ ነው። በመጨረሻም በመዳፍዎ የፊት ጠርዙን ወደ ላይ ይግፉት፤ ግንባርዎ እስኪራቆት ድረስ ከሄደ እንደገና ያስተካክሉ።

ጸጉርዎን በሚነዱበት ቀን እንደሚያደርጉት አድርገው ይሞክሩት፤ ሹሩባ ወይም ወፍራም ጸጉር ሄልሜቱን ከፍ ያደርገዋልና። ጸጉርን ከሥሩ ጠቅልሎ ማሰር ግን ሄልሜቱ ሚዛን እንዲያጣ ስለሚያደርገው ከማጅራት በታች ዝቅ አድርገው ይሰሩት። ብርድ ሲሆን ከሄልሜቱ ሥር የሚያደርጉት ቀጭን ቆብ ችግር የለበትም፤ ወፍራም የሱፍ ቆብ ግን የለኩትን ሁሉ ያበላሻል። ለልጆችዎም «ያድግበታል» ብለው ሰፋ ያለ አይግዙ፤ በሚያድግበት ጊዜ ሳይሆን በሚወድቅበት ቀን ነው የሚያስፈልገው።

ስለ ወንድምዎ ስጦታ። ስንጥቅ አለመታየቱ ሄልሜቱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ፎሙ ከቅርፊቱ ሥር ተጨፍልቆ ቅርፊቱ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ወንድምዎም የረሳው አንድ ውድቀት ሊኖር ይችላል። ከዚህ ሌላ ለዓመታት የት እንደተቀመጠ አይታወቅም፤ የመኪና ውስጥ ሙቀት ቅርፊቱንና ፎሙን ያዛባል፣ ማቅለሚያና ነዳጅ ነክ ማጽጃም ፎሙን ይበላዋል፣ ፀሐይ ደግሞ ማሰሪያውን ያደክመዋል። ሲፒኤስሲ ሄልሜት ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲቀየር ይመክራል፤ ብዙ አምራቾችም ከዚያ ቀድመው እንዲቀየር ይጽፋሉ። ከውድቀት በኋላ ግን ዕድሜው አንድ ወርም ቢሆን ይቀየራል። የእርስዎን አዲሱን ሄልሜት ለብ ባለ ውኃና በተራ ሳሙና ብቻ ይጠቡት፤ የአምራቹን ፈቃድ ሳያዩም ካሜራ ወይም ሌላ ነገር በላዩ ላይ አይግጠሙበት።

አሮጌውን ሲያስወግዱ እንዲሁ አይጣሉት፤ ማሰሪያዎቹን በመቀስ ይቁረጧቸው፣ በቅርፊቱም ላይ በወፍራም ቀለም «የተበላሸ» ብለው ይጻፉበት፤ ያለበለዚያ ሌላ ሰው አንሥቶ ለልጁ ያደርግለታል።